ስም የሌለው መረብ የማን ነው?

ከሌባ የሚጠነቀቅ ሰው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ዕቃውን ከአጠገቡ አያርቅም። ገበሬው በሬውን በረት ያስገባል፣ ባለሱቁ መዝጊያውን ይቆልፋል፣ ባለመኪናው ከመተኛቱ በፊት የግቢውን በር ይፈትሻል። ለዓሣ አስጋሪው ግን ይህ አይሆንለትም። የእሱ ዕቃ ሥራ የሚሠራው ባለቤቱ ዞር ሲል ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች በብዛት የሚታየው ማስገሪያ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያድር፣ ዓሣውን በስንጥቡ የሚይዝ መረብ ነው። ከሰዓት በኋላ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። በመካከሉ ባለው ሌሊት የቤተሰቡ መተዳደሪያ አጥርም፣ መብራትም፣ ጎረቤትም በሌለበት ያድራል። እሱን ለመውሰድ የሚያስፈልገው አንድ ታንኳና አንድ ቢላዋ ነው።

በሐይቅ ዳር ከተሞች የመረብ ስርቆት በተነሳ ቁጥር የሚሰማው መፍትሔ ያው ነው፤ ጥበቃ ይጠናከር፣ ፖሊስ ይሰማራ፣ ወጣቱ ይመከር። አንዱንም አልቃወምም። ነገር ግን ሌባው ሌሊት የሚሠራው ሥራ የቀለለው ጠዋት የሚሠራው ሥራ ከዚያ የባሰ ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። ተቆርጦ የመጣ መረብ ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ ሌላኛው ዳርቻ ሲደርስ የማን እንደነበረ የሚናገር ምልክት የለበትም። ገዢውም አይጠይቅም። ጣናን የሚያህል፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ኃይል ከየትም አይመጣም። የተሰረቀ ዕቃ የሚሸጥባቸው ቦታዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያንገበግበው ዕቃውን መተካት ስለከበደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጀልባ ሞተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ መረብ የሚሠራበት የናይሎን ክርም በአብዛኛው እንደዚያው። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የተገዛ አሮጌ ሞተር ሳይቀር ባለቤቱ ቁጭ ባለበት ዋጋው ጨመረለት። ለሌባውም እንዲሁ። የዓሣ ገበያ በሚደራበት በዓቢይ ጾም ደግሞ መረቡ የተወሰደበት ሰው የሚያጣው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ የዓመቱን ዋና ገቢ ያመጡ የነበሩትን ሳምንታትም አብሮ ያጣል።

በጣና ላይ የዕቃው ዋጋና የሚጣልበት ርቀት አብረው ማደጋቸው መዘንጋት የለበትም። በሞተር ጀልባ ማስገር የተጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ማስገሩ ከደንገል በሚሠራ ታንኳ፣ በአብዛኛው ከዳርቻው ሳይርቅ የሚካሄድ ነበር፤ በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ሰርቆ የሚከብርበት ሰው የለም። ሞተሩ ሲመጣ መረቡ 100 ሜትር እየሆነ፣ እየተቀጣጠለም፣ ከዳርቻ ዓይን ወደማይደረስበት ውኃ ወጣ። ውድ ዕቃ ሰው ወደሌለበት ቦታ ሄደ ማለት ነው።

ስርቆቱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መረቡን ሳይነካ ዓሣውን ብቻ የሚወስድ ነው። ይህ ሌባ ብዙ ጊዜ አይታወቅበትም፤ ጠዋት መረቡን የሚያነሳው ሰው ባዶ ሲያገኘው የሚወቅሰው ሐይቁን ነው። ልብ ብሎ የሚያይ ግን ይደርስበታል። ዓሣ በችኮላ ሲነጠቅ የመረቡ ዓይን ይበጠሳል፣ ክሩ ላይ ቅርፊት ተጣብቆ ይቀራል፤ ዓሣ ያልገባበት መረብ እንዲህ አይሆንም። ሁለተኛው መረቡን ራሱን የሚወስድ ነው። እሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ባለቤቱ በቀላሉ የሚለየውን ነገር ማስወገድ ነው። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጡት ተንሳፋፊዎች ተቆርጠው ይጣላሉ፣ መረቡን ወደ ታች የሚይዙት ድንጋዮች ውኃ ውስጥ ይቀራሉ፣ የላይኛው ገመድ ይፈታል። የሚሸጠው መረቡ ብቻ ነው። በተንሳፋፊው ላይ በቀለም ስሙን የጻፈ ሰው የጻፈው ሐይቁ ወለል ላይ ለሚቀር ነገር ነው።

ለፍርድ ከመቸኮል በፊት ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት። የጠፋ መረብ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። ጉማሬ መረብ ይበጣጥሳል፤ በጫሞ አዞም አለበት። ጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው አረም በነፋስ እየተገፋ ሲንቀሳቀስ በመንገዱ ያገኘውን መረብ ከነድንጋዩ ጎትቶ ሊሄድ ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው የገመዱ ጫፍ ነው። በቢላዋ የተቆረጠ ናይሎን ገመድ ጫፉ እኩል ነው፤ ተጎትቶ የተበጠሰ ግን ክሮቹ አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ይፈታታል። ማሰሪያው ላይ የቀረችውን ያችን ጥቂት ገመድ የማይጥል ሰው ለፖሊስም ሆነ ለሽማግሌ የሚያሳየው ነገር አለው። ይህን ሳያዩ ጎረቤትን መጠርጠር በሐይቅ ዳር መንደሮች ስንት ቂም እንዳተረፈ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ሕግ የለም እየተባለ የሚነገረው ትክክል አይደለምና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ነገሩ ሲከብድ አንቀጽ 669 ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል። አንቀጽ 682 ደግሞ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ዕቃውን የሚገዛውንና የሚደብቀውን ሰው ይመለከታል። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር የለም። የሚጎድለው ማስረጃ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 የሚንቀሳቀስ ዕቃ በእጁ የተገኘ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገመታል ይላል። ተቃራኒውን የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። ለቤት ካርታ አለ፣ ለመኪና ሊብሬ አለ፣ ለበሬ እንኳን ቀለሙን፣ ቀንዱንና ጠባሳውን የሚመሰክር ጎረቤት አለ። ለመረብስ? «ይህ የእኔ ነው» የሚለው ሰው መርማሪው ፊት ሲቀርብ በእጁ ያለው የራሱ ቃል ብቻ ነው። ሌላውም የራሱ ቃል አለው፤ በተጨማሪም መረቡ አለው።

አንዳንድ አስጋሪዎች መረባቸውን በጥገናው ይለያሉ፤ የአንዱ ቋጠሮ የሌላውን አይመስልምና እውነታቸውን ነው። የተቀደደውን ዓይን የሚጠግን ሰው ክሩን የሚያዞርበት አቅጣጫ፣ የሚተወው ጭራ ርዝመት፣ ቸኩሎ ያለፈበት ቦታ ሁሉ የእጁ መለያ ነው። ነገር ግን ይህን የሚያነበው ሌላ አስጋሪ እንጂ ዐቃቤ ሕግ አይደለም። ምርመራው ከሌሎች የሙያው ሰዎች ምስክርነት እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም መረቡ አዲስና ገና ያልተጠገነ ከሆነ ይህም አይሠራም። የሚሰረቀው ደግሞ አዲሱ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ ብዙም የማይነገር ሌላ ነገር አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ና እሱን ተከትለው የወጡ የክልል ሕጎች ማስገር በምን ዓይነት መሣሪያ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋሉ። ያም ሆኖ ዓይኑ የጠበበ፣ ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ ክር የተሠራ ርካሽ መረብ በድንበር በኩል እየገባ ሐይቆቹን ሞልቷቸዋል። እንዲህ ዓይነት መረብ የተሰረቀበት ሰው ወዴት ያመለክታል? ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «የተከለከለ መረቤን ሰረቁኝ» አይል። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ተረቱ ግን እዚህ ላይ ነገሩን አይፈታውም። ሊያመለክት የማይችል ባለንብረት በበዛ ቁጥር ሌባው የሚዝናናበት ሜዳ ይሰፋል፤ ሌሊት መረብ የሚቆርጥ ሰውም ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ አይለይም።

ከዚህ የሚከተለው ለሐይቁ ራሱ ጦስ ነው። በወፍራም ናይሎን ክር የተሠራ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ ሕጋዊ መረብ ውድ ነው። አንድ ጊዜ የተሰረቀበት አስጋሪ ሁለተኛውን ሲገዛ የሚያሰላው «ቢሰረቅብኝ ስንት እከስራለሁ» ብሎ ነው። ስሌቱ ወደ ርካሹ ይወስደዋል፤ ርካሹ ደግሞ ያላደገውን ዓሣ የሚጠርገው ነው። ጣና በሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በተደረጉ ጥናቶች የእነዚህ ዓሣዎች ክምችት በ75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ታይቷል። ለዚያ ዋናው ተጠያቂ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞች በሚወጣበት ወቅት የሚደረገው ማስገር እንጂ ስርቆት አልነበረም። ነገር ግን አሁን ሕጋዊውን መረብ ለመጠቀም የሚፈልገው ሰው በሌባ ፍርሃት ከሕጋዊነቱ እየተገፋ ከሆነ፣ የስርቆቱን ጉዳይ ለፖሊስ ብቻ ጥሎ የዓሣ ሀብት ባለሙያው ዳር መቆም የለበትም።

አባቶቻችን ለዚህ ዓይነት ሌብነት መላ ነበራቸው። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ሲጠራ የአካባቢው ነዋሪ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይጠየቃል፣ ጥፋተኛው እስኪለይ መበተን የለም፤ ጉባኤውን የቀረ ይቀጣል። በዚህ ሥርዓት ሌብነት የተሰረቀበት ሰው ብቻ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም ነበር። ከሥራው ተስተጓጉሎ የዋለው ሁሉ ሌባው እንዲገኝ የራሱ ጥቅም ነበረውና። እንከኑም ብዙ ነው፤ አቅመ ደካማውና መጤው ቀድሞ ይጠረጠራል። መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ ሌባውን ያሸታል የሚባልበት «ሌባ ሻይ» ግን ከነጭካኔው በመንግሥት የተከለከለ ነው፤ መመለስም የለበትም። ከአውጫጭኝ መወሰድ ያለበት አንድ ሐሳብ ይመስለኛል፦ የተሰረቀ ዕቃ የሚያልፍበት መንደር ሁሉ ስለ ዕቃው መጠየቅ ይችላል።

ይህን ሐሳብ በዘመናዊ መልክ የሚሠሩበት አሉ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ሎብስተር የሚባለውን፣ ከሸርጣን ጋር የሚዛመድ የባሕር እንስሳ የሚያሰግሩ ሰዎች ወጥመዳቸውን ባሕር ውስጥ ትተው ይሄዳሉ፤ ችግራቸው ከእኛ አስጋሪ ችግር ጋር አንድ ነው። እያንዳንዱ ተንሳፋፊ የባለቤቱ የፈቃድ ቁጥርና የራሱ የቀለም ቅብ አለው፤ ያው ቀለም በጀልባው ላይም እንዲታይ ግዴታ ነው። ቢጫና ቀይ የተቀባ ጀልባ ሰማያዊ ተንሳፋፊ ሲጎትት የታየ እንደሆነ ከሩቅ ያየው ሁሉ ምን እየሆነ እንደሆነ ያውቃል። በበጋ ወራት ሌሊት ወጥመድ ማውጣት የተከለከለ ነው። የሌላውን ወጥመድ የነካ ሰው ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ ፈቃዱ ደግሞ እንጀራው ነው። ባሕሩን በሙሉ የሚጠብቅ ፖሊስ እነሱም የላቸውም። የሠሩት ነገር ስርቆት ከሩቅ እንዲለይ ማድረግ ነው።

ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚመጣው ትምህርት ግን ያን ያህል አያስደስትም። 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን ውኃ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ኬንያ ይጋሩታል፤ በአንዱ አገር የተነቀለ ሞተር በሌላው አገር ሲሸጥ መከታተሉ ከባድ ነው። በየዳርቻው የአስጋሪዎችና የነጋዴዎች ማኅበራት ተቋቁመው እንኳን የሞተርና የመረብ ስርቆት አልጠፋም። በዚህ ረገድ እኛ ዕድለኞች ነን ማለት ይቻላል። ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጫሞ ሙሉ በሙሉ በአገር ውስጥ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ የተሰረቀ መረብ በዚያው በጣና ዳር፣ ጎርጎራ ወይም ደልጊ ወይም ቁንዝላ ላይ ቢሸጥ ነው፤ እዚያም ያሉት ሰዎች ይተዋወቃሉ።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ስለ ማስገሪያ ምልክት አደራረግ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መመሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. አጽድቋል። ዋና ዓላማው በየውኃው ተጥሎ ዓሣ ሲገድል የሚኖረውን ባለቤት አልባ መረብ መቀነስና ሕገ ወጥ ማስገርን መቆጣጠር ነው፤ ለስርቆትም ያው ምልክት ያገለግላል። ለእኛ ግን ምልክት ማድረግ ከውጭ የሚመጣ ትምህርት መሆን የለበትም። የእድር ዕቃ አይተን እናውቃለን። ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ በየለቅሶው ቤት እየዞረ፣ ከስንት ቤት ዕቃ ጋር እየተደባለቀ ዓመታት የሚቆየው ከሥሩ በቀለም ምልክት ስላለበትና አንድ ሰው መዝገብ ይዞ ስለሚቆጥረው ነው። የእድር ሳህን ሰርቆ ገበያ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ማን ይገዛዋል?

በመረብ ላይ ምልክቱ የሚደረግበት ቦታ ነው ቁም ነገሩ። ተንሳፋፊ ላይ እንደማይበጅ አይተናል። የላይኛው ገመድ ውስጥ መታወቂያ ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን ፕላስቲክ አስገብቶ መግመድ ጥሩ ነው፣ ግን ገመዱ ሊፈታ ይችላል። የሚቀረው መረቡ ራሱ ነው። መልኩ የተለየ ክር ወስዶ ባለቤቱ በሚያውቀው ቦታ፣ ለምሳሌ ከጫፉ የተወሰነ ዓይን ቆጥሮ፣ ጥቂት ረድፍ መሸመን ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ይቆረጣል፤ በርዝመቱ በተለያየ ቦታ ከተደጋገመ ግን ሌባው ሁሉንም ለማውጣት መረቡን መበጣጠስ ይኖርበታል፣ የተበጣጠሰ መረብ ደግሞ ዋጋ የለውም። ሥራው ለእጀ ቀልጣፋ ጠጋኝ ከባድ አይደለም። ቁጥሩና የክሩ መልክ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ከመረቡ ርዝመት፣ ከዓይኑ ስፋትና ከተገዛበት ቀን ጋር ይጻፋል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ፖሊስ ፊት ሲቆም ከቃሉ ሌላ የሚያቀርበው ነገር ይኖረዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤት። ብዙ አስጋሪዎች ስርቆቱን ሸሽተው ማስገሪያቸውን በማይሠሩበት ጊዜ ሁሉ ቤታቸው ያስገባሉ፤ ትክክል ነው፣ ቢሆንም ቤትም የራሱ ጣጣ አለው። መረብ የሚስማማው ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ተንጠልጥሎ የሚደርቅበት ቦታ ነው። ፀሐይ ናይሎንን ያደርቀዋል፣ ያደክመዋል። የዓሣ ጠረን ያለበትን መረብ አጣጥፎ ጥግ ላይ የተወ ሰው ደግሞ ሌባ ሳይመጣበት አይጥ ይጨርስለታል። ስለዚህ ለመረቡ ጤና የሚሻለው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ማንጠልጠል ነው፤ እዚያ ግን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። የሚያስማማው ከመንገድ በማይታየው የቤቱ ጀርባ ማድረቅና ሲመሽ ወደ ውስጥ አስገብቶ ከወለሉ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። መረቡን በማጠብ የሚባክነው ጊዜ ባክኖ አይቀርም፤ አይጥ የሚመጣው ጠረኑን ተከትሎ ነውና።

ሞተሩ ሌላ ነገር ነው። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው የጀልባ ሞተር ከ40 እስከ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ቢመዝን ነው፤ አንድ ጠንካራ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። ሠፈሩ ሁሉ በጋሪ ሲሄድና ሲመለስ በየቀኑ ያየዋል። ማዳበሪያ ማልበስ ሌባ አያግድም፣ ዓይን ግን ይቀንሳል። ቤት ሲገባ ብዙ ሰው የሚያስቀምጠው ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ማድ ቤት ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝቶ ነው። ሌባ ግን ጓጉንቸሩን አይነካውም። ቁልፉ የተንጠለጠለበት ማጠፊያ ከውጭ በኩል በአጫጭር ብሎን ተመትቷል፤ አንድ ብረት አስገብቶ ማንሳት ነው። ያም ካልሆነ የቆርቆሮውን ጠርዝ ይዞ ምስማሩን መንቀል ነው። ለጓጉንቸሩ ከሚወጣው ገንዘብ ግማሹ ማጠፊያው በሩን በስቶ በሚያልፍ ቡሎንና ከውስጥ በሚታሰር ዳዶ እንዲያዝ ለሚያደርግ ብረታ ብረት ሠራተኛ ቢከፈል ይሻላል። ከዚያ በላይ የሚረዳው ወለሉ ላይ ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ የብረት ቀለበት ነው፤ ሞተሩ በወፍራም ሰንሰለት ከእሱ ጋር ሲታሰር ሌባው ቤት ሰብሮ ቢገባ እንኳን ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፣ ያም ሥራ ድምፅ አለው።

ሞተሩን ከአልጋ ሥር ወይም ከአልጋ አጠገብ የሚያሳድሩም አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ አደጋው ግን ከስርቆቱ ይብሳል። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ከሰል ምድጃው ወይም ኩራዙ ጋ ይደርሳል። ሞተሩ የግድ መኝታ ቤት የሚያድር ከሆነ የነዳጅ ጋኑ ተነጥሎ ውጭ መቅረት፣ በሞተሩ ውስጥ የቀረውም ነዳጅ ተቃጥሎ ማለቅ አለበት።

ከሰንሰለቱ እኩል የሚጠቅመው ወረቀት ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ የመለያ ቁጥሩ ከጀልባው ጋር በሚያያዘው ብረት ላይ ይገኛል፣ ይህ ሊፋቅ ወይም ሊነቀል ይችላል፤ በብዙዎቹ ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ ዳግም ተቀርጿል። ሁለቱንም በስልክ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ መላክ ዛሬ ነገ የማይባል ሥራ ነው። ደረሰኝስ? እዚህ ላይ ልማዳችን ይጎዳናል። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ሲባል 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ የማያስቀር ገዢ ጥቂት ነው። ያተረፈ ይመስለዋል። ሞተሩ ተሰርቆ ሲገኝ ግን ባለቤትነቱን የሚያሳይበትን ብቸኛ ሰነድ የሸጠው በዚያች ቅናሽ ነበር። የስርቆት መድን የሚገባም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ መድን ሰጪው ከዚያ ቀጥሎ ቤቱ ተሰብሮ መገባቱን የሚያሳይ ምልክት ይፈልጋል። ክፍት በር ላይ የጠፋ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይካስም፤ ሐይቅ ላይ ላደረ መረብ የመድን ውል የሚፈርም ድርጅት ማግኘትም ዘበት ነው። ለመረቡ የሚቀርበው ማኅበሩ ራሱ በየወሩ ጥቂት ብር አዋጥቶ፣ ለተሰረቀበት አባል ሌላ እስኪገዛ የሚያውሰው መጠባበቂያ መረብ ማስቀመጥ ነው። ለለቅሶ ድንኳን የሚያዋጣ ሕዝብ ይህ አይከብደውም።

ይህ ሁሉ ግን ገዢው ካልጠየቀ ውኃ በወንፊት ነው። አሮጌ መረብና ሞተር የሚገዙት እነማን እንደሆኑ በየዳርቻው ይታወቃል፤ ጥቂት ጠጋኞች፣ ጥቂት መካኒኮች፣ አንዳንድ የዓሣ ነጋዴዎች ናቸው። የአስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት «ከመዝገብ ጋር ያልተመሳከረ ያገለገለ ማስገሪያ የገዛ አባል ዓሣውን በማኅበሩ በኩል አይሸጥም» የሚል አንድ አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢጨምሩ ከየትኛውም የሌሊት ጥበቃ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። አባል ያልሆኑት መካኒኮችና ነጋዴዎች ደግሞ የተሰረቀ ዕቃ ገዢን የሚቀጣው አንቀጽ 682 የሚመለከታቸው መሆኑን ፖሊስ አንድ ጊዜ ሰብስቦ ቢነግራቸው ይበቃል፤ አላወቅሁም ነበር የሚለው መከላከያ ከዚያ በኋላ አያስኬድም። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

አስቸጋሪው ጥያቄ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። መዝገቡ የዓሣ ሀብት ቢሮው እጅ ከገባ፣ የተከለከለ መረብ ያለው አስጋሪ አንዱንም አያስመዘግብም፤ የተመዘገቡት ጥቂት ሕጋውያን ብቻ ይሆናሉ፣ ሌባውም በቀሩት ላይ ይኖራል። ማኅበሩ እጅ ብቻ ከቀረ ደግሞ ሕገ ወጡን መረብ በጎን ሕጋዊ አድርጎ እንዳይመዘግብ የሚቆጣጠረው የለም። የእኔ ምርጫ መዝገቡ በማኅበሩ እጅ ሆኖ፣ የተከለከለውን መረብ በሕጋዊ መረብ ለመቀየር ለሚፈልግ አስጋሪ የተወሰነ የእፎይታ ጊዜና ብድር ተፈቅዶለት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቢሮው መዝገቡን የማየት ሥልጣን እንዲኖረው ነው። በዚያ የእፎይታ ጊዜ ውስጥ የሚገባው እያንዳንዱ አዲስ መረብ ውኃ ከመንካቱ በፊት የባለቤቱ ክር ተሸምኖበት ይወጣል።